በደጇ ትልቅ ሰው፣ በጣቢያ ልጅ

ይህን ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ነግሬ አላውቅም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየም ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አረቄ የሸጠ እንደሚታሰር ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። ባሮ ወንዝ ዳር አረቄ የምትሸጠው እትዬ ወርቄ፣ ከደጋ የመጣች ብቸኛ እናት፣ ከዚያ ወዲህ ተማሪ ወደ ደጇ ሲጠጋ በመጥረጊያ ታባርር ጀመር።

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ግን በዚያው ክረምት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ግንባሬን በምላጭ መስመር በመስመር ተቀርጬ ነበር። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ግንባሩን የተቀረጸ ትልቅ ሰው ነው፤ ማለብ የሴትና የልጅ ሥራ ነውና ላም እንኳ አያልብም። የደንብ ልብሴን አውልቄ ደጇ ቆምኩና መስመሮቹን በጣቴ አሳየኋት።

«እኔ ልጅ አይደለሁም፤ ትልቅ ሰው ነኝ።»

ግራ ገባት። «እንግዲህ የእናንተን ወግ እኔ አልነቅፍም። ግባ ወንድሜ» አለችኝ። ወንድሜ! ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ጠርሙሱን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። መስመር ያልነበረውን ጓደኛዬን ቱትን ያጠጣሁትም እኔ ነኝ።

ቱት ሰክሮ ባሮ ገባ። ዓሣ አጥማጆች ሲያወጡት ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን የፈራሁት ለእሱ ነበር? አልነበረም። ለራሴ ነበር።

ፖሊስ አረቄው ከማን ቤት እንደወጣ ሲያጣራ እኔንና እትዬ ወርቄን ጣቢያ አቆመን። መርማሪው «እሷ ልጅ መሆንህን ታውቅ ነበር ወይ?» አለኝ።

«ታውቃለች። ተማሪ ነኝ ብያታለሁ። እኔ ልጅ ነኝ» አልኩ።

አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። «ወንድሜ፣ ትልቅ ሰው ነኝ አላልከኝም?» ብቻ አለች። ኮፍያዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ።

ታሰረች። ትንሿ ልጇ ምግብ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ስትቆም አየሁና በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። እትዬ ወርቄ ስትፈታ ልጇን ይዛ ወደ ደጋ ተመለሰች ተባለ።

ዛሬ እሑድ እሑድ ወጣቶችን ስለ መጠጥ የምመክረው እኔው ነኝ፤ ጉድ አይደል? አንዲት የማላውቃት አሮጊት ከኋላ ወንበር በተቀመጠች ቁጥር ምክሬን አቋርጬ ፊቷን እመረምራለሁ። እሷ ብትሆንስ? ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ? ልጅ ነበርኩ ልበላት?

እሱንማ ጣቢያ ብዬዋለሁ።