ከመንከሪያው ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት እማማ ጀሚላን «ጉድጓድዎን ይድፈኑ» ለማለት ነው። ውሃውን ለምርመራ የቀዳሁት እኔው፣ ላቦራቶሪ የመረመርኩትም እኔው፤ እንዲህ ያለ መርዶ በሰው አይላክም።

ናዝሬት ሽሮ በላሁ። ዴራን በላብ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ሹራቤን አውጥቼ ለበስኩ። ኬላ ላይ ፈታሹ ወታደር የውሃ ናሙና መቅጃ ጠርሙሶቼን አይቶ፣
«አረቄ ነው?» አለኝ።
«ባዶ ናቸው።»
«አዬ፣ ጨርሰሽዋላ!»
አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ። አሰላ በሁለት ብርድ ልብስ አደርኩ።

ማለዳ፣ ወደ ኦጎልቾ

በእህል መኪና ቁልቁል ወረድኩ። ጭላሎ ደመና ለብሶ ከኋላ ቀረ፤ ስንዴው አለቀና ግራር ጀመረ።

እማማ ጀሚላ ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። ቤታቸው አጠገብ የድሮው ባለርስት መዥገር ለማጥፋት ከብቱን አርሴኒክ በተባለ መርዝ የሚነክርበት ገንዳ አለ። ወንዙ ሩቅ ስለሆነ ጎረቤት በደቦ ከዚሁ መንከሪያ ሥር ጉድጓድ ቆፈረላቸው። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ማንም አልጠጣውም፤ የመጀመሪያዋን ጣሳ ለእኔ አቆይተዋል።

«እንኪ፣ ልጄ።»

እጄ አልዘረጋ አለኝ። «ይቅርታ፣ እማማ። ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን አርሴኒክም አለበት» አልኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ቱፋ አልተዋጠላቸውም። «መርዝ ቢሆን ባክቴሪያው አይሞትም ነበር?»

«ይቺ አትሞትም። ዙሪያዋን ስስ ሽፋን አላት፤ ሽፋኑ ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። አርሴኒክ ሲገባ ወደ ውጭ ይገፉታል። መርዙ አልጠፋም፤ ከእሷ ወጣ እንጂ።»

«ወዴት ነው የምታስወጣው?» አሉ እማማ ጀሚላ።

«ወደ ውሃው።»

«ያ ረቢ! እኔ ደጅ ነዋ የምትደፋው!»

ሳቅን። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። እማማ ጣሳዋን መሬት ላይ ሊደፉ ሲሉ ዶሮዎቻቸውን አዩ፤ ተመልሰው ጉድጓዱ ውስጥ ጨመሯት።

«በሉ እንድፈነው፤ የሰፈሩ ልጆች ይጠጡታል» አሉ። አካፋ ተሰጠኝና ከቆፋሪዎቹ ጋር አፈር መለስኩ። ኦቦ ቱፋ ከአጨዳ በኋላ ከመንከሪያው ርቀው፣ ዳገቱ ላይ ሌላ እንደሚያስቆፍሩ ቃል ገቡ። እማማ ወተት ሲያቀርቡልኝ አየት አድርገውኝ፣ «ጠጪ፣ ላሚቱም ወንዝ ነው የምትወርደው» አሉኝ። ጠጣሁ።

አዲስ አበባ

ውሃ ውስጥ ሕይወት መኖሩ ውሃው ለሰው ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ድሮም አውቅ ነበር። እዚያ ሄጄ ስነግራቸው ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ተማርኩ። ጠዋት መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ተነሣሁ። ቧንቧ ከፍቼ ስታጠብ ትዝ አሉኝ፤ እማማ ጀሚላ ጀሪካን አዝለው ወንዝ የሚወርዱበት ሰዓት ነው። ቶሎ ዘጋሁት።