ሕፃን አስተኚዋ ስታማቲያ

ስታማቲያ በግሪክ አገር፣ ላሪሳ ከተማ ውስጥ ነርስ ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ያለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ሥራዋ አንድ ነው፤ ኤምአርአይ የሚባለው፣ በትልቅ ማግኔት የሚሠራው የጭንቅላት ምርመራ የታዘዘላቸውን ሕፃናት ያለማደንዘዣ ማስተኛት። ጡት ይጠባሉ፤ እስኪያገሱ ጀርባቸውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ጆሯቸውን ደፍና፣ አጥብቃ ጠቅልላ፣ እሹሩሩ ትላለች። ባልደረቦቿ «አንቺ እኮ ተኝተሽ ነው የምትበይው» ይሏታል። እሷ ግን እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች፤ ጉልበቷም አልቋል።

የዛሬው ሕፃን የሁለት ወር ነው። ክርስትና ስላልተነሳ ስም አልወጣለትም። ትናንት አንቀጥቅጦታል። ያለጊዜው የተወለደ በመሆኑ ትንፋሹ አንዳንዴ ቀጥ ይላል፤ ሐኪሙ ማደንዘዣውን ፈርቷል። በራሱ ተኝቶ ከገባ እሰየው፤ ካልተኛ ግን ያው የተፈራው ማደንዘዣ ነገ ይጠብቀዋል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል ትግል በኋላ ተኛ። እናቱ ቫያም ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ጣላት። አያቱ ፖሊክሴኒ ጎንበስ ብለው ጥቅልሉን ነካ ነካ አደረጉና ሳሙት። ጠዋቱን ሙሉ ሲቁነጠነጡ የነበሩት ሴትዮ ድንገት ተረጋጉ። ይሄ ለስታማቲያ አልጣማትም።

«እማማ፣ ጠዋት ያስወለቅኩት ክታብ የት አለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነዋ! የት ይሄዳል?»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

«ምን አይነት ደረቅ ሴት ነሽ! ልጁ ተኝቷል፣ አስገቢው በቃ!»

ብትፈታው ይነቃል። እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋን ማመን አማራት፤ ደክሟታል። ግን ያ ማግኔት ብረት ካገኘ አይምርም። ፈታችው።

ከሸሚዙ ሥር፣ ብብቱ አጠገብ፣ ያው ክታብ፣ ከሰው ዓይን ይጠብቃል የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ፣ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ሕፃኑ ነቅቶ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ እዚያ ውስጥ ተነቅሎ ዓይኑን ያጠፋው ነበር!» አለች ስታማቲያ።

«ታዲያ ማን ይጠብቀው?» አሉ ፖሊክሴኒ እያለቀሱ። «ብቻውን ነው የሚገባው! ስም እንኳ የለው!»

 የስታማቲያ የሥራ ሰዓት ካለቀ ቆይቷል። ቀለበቷንና የፀጉር መያዣዋን አወለቀች።

«እኔ አብሬው እገባለሁ» አለች።

እንደገና ጡት፣ እንደገና ጥቅልል፣ እንደገና እሹሩሩ። ሲተኛ ይዛው ገባች። መዶሻ የሚመስለው የማሽኑ ጩኸት ሲወርድባቸው፣ በሚያማት ጉልበቷ ቆማ፣ መዳፏን ከጥቅልሉ ላይ ሳታነሳ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየች። አልነቃም።

ስትወጣ ፖሊክሴኒ ሕፃኑን ለቫያ ተዉላትና በቀጥታ ወደ እሷ መጡ። ክታቡን ሹራቧ ላይ ሰኩት።

«እንትፍ! እንትፍ! አንቺንስ ማን ይጠብቅሽ፣ ልጄ?»

ስታማቲያ ልትነቅለው እጇን ሰደደች፤ ግን ተወችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።