ለቱባዬ አፍ ስፈልግ

ፊቴ የተጣመመው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋምቤላ ከተማ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ጥርሴን አጥቤ ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል እየፈሰሰ ደረቴን አራሰው። ባለቤቴ አይታ ሳቀችብኝ። ቀና ብዬ ሳያት ግን ሳቋ ቆመ።

«ፊትህን ምን ሆንክ?» አለች።

ልመልስላት ብሞክር ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ። ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል አለኝ። ወሬውን ሰምታ ከአቦቦ የመጣችው እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ። ሁለቱንም እሺ አልኩ።

መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው። ለማስተማር የተጣመመ አፍም ይበቃል፤ ተማሪዎቼ ጥቂት ተሳሳቁ፣ ከዚያ ለመዱት። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ የሚባለውን ትልቅ የነሐስ መሣሪያ እነፋለሁ። ኢ ፍላት የሚባለው ነው፤ ከቱባዎች ሁሉ ትልቁ ባይሆንም እቅፍ ይሞላል። የመዝሙሩን ወፍራም ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ትራምፔቶቹ መሬት ያልነካ ቤት ይመስላሉ።

ወራት ሳልነፋ ቆየሁ። ጉንጬ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቱባውን ከሣጥኑ አወጣሁ። ከንፈር የሚያርፍበትን ጽዋ መሳይ ብረት፣ እኛ የባንዱ ሰዎች በአጭሩ «አፉ» የምንለውን፣ ገጥሜ ነፋሁ። አየሩ በግራ በኩል ሾልኮ ወጣ። የተሰማው የታነቀ ፍየል ድምፅ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ቱባውን ተሸክሜ ላስረክብ ወደ ባንዱ መሪ ቤት ሄድኩ።

መሪያችን ጋሼ የምላቸው የኑዌር ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ቃል አያባክኑም።

«ለሌላ ሰው ይስጡት ጋሼ» አልኳቸው። «ከንፈሬ ከዳኝ።»

አልተቀበሉኝም። የታች ከንፈራቸውን በጣታቸው ዝቅ አድርገው ድዳቸውን አሳዩኝ። የታች የፊት ጥርሶቻቸው እንደ ባህላቸው በልጅነታቸው የወለቁ ናቸው። ይህንን አውቃለሁ፤ ከሚነፉት ትሮምቦን ጋር ግን አያይዤ አስቤው አላውቅም።

«እኔ ስጀምር ሰው ሁሉ አትችልም አለ» አሉኝ። «ከንፈር የሚደገፍበት ጥርስ የለም። ብዙ አፍ ሞከርኩ። አንድ ጠርዙ ወፍራም አገኘሁ፣ እስከ ዛሬ እሱ ነው። ቲቸር፣ ያንተ አፍ ለድሮው ከንፈርህ ነው። አሁን ለዚህኛው እንፈልግ።»

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ቱባውን እኔና እሳቸው መካከል አስቀምጠን፣ በአቦቦ በኩል ወደ ፑኝዶ ሄድን። የአክስታቸው ልጅ በስደተኞች ካምፑ ውስጥ መዘምራን ትመራለች። ከደቡብ ሱዳን ከመጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከተሰባበሩ መሣሪያዎች የተረፈውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታስቀምጣለች፤ እሱን አምጥታ ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ዘረገፈችው።

አብዛኛው የትራምፔት ነበር። ለቱባ የሚሆኑ ሦስት አፎች አገኘን። የአንዱ ቱባው ላይ የሚሰካው ጭራ ቀጭን ስለሆነ ቧንቧው ውስጥ ሰጥሞ ይወዛወዛል። ወረቀት ብንጠቀልልበትም አየር አስወጣ፣ ተውነው። ሁለተኛው ሰፊና ጥልቅ፣ ብር የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ሦስተኛው ቅቡ ተልጦ ቢጫው የወጣ፣ ጠበብ ያለ፣ ግን ጠርዙ ወፍራምና ጠፍጣፋ።

ዓይኔ ያረፈው ብሩ ላይ ነበር። ገጥሜ ስነፋ ያች የድሮዋ ወፍራም ድምፅ ወጣች። ደረቴ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝና እንባዬ መጣ።

«ይኼ ነው!» አልኩ።

ሴትየዋ ራሷን ነቅንቃ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሼ ተረጎሙልኝ፦ «አንድ ድምፅ ማንም ያወጣል፣ መዝሙሩን ሙሉ ይንፋ ትላለች።»

እሷ መዘመር ጀመረች፣ በአካባቢው የነበሩ ሴቶችም ተቀበሏት። ጋሼ በጆሯቸው ብቻ ሊፈርዱ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ቆሙ። እኔ ሴቶቹን በቱባዬ ተከተልኳቸው። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ የግራ ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስተኛው ላይ አየሩ አመለጠኝ፣ ምራቄም አገጬ ላይ ወረደ። በእጄ ጀርባ ጠርጌ መሬት መሬት አየሁ። ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ የተላጠውን ብረት አነሳች፤ ጥላው ሸሽቶ ፀሐይ ስላጋለችው ውሃ ውስጥ ነክራ ሰጠችኝ።

መዝሙሩን ከመጀመሪያው አነሳችልኝ። ድምፄ ቀጠነ፣ አልወደድኩትም። ግን ጠርዙ ከንፈሬን እንደ ምርኩዝ ደገፈው። ሁለተኛው ቁጥር አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ፣ መጨረሻው ላይ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ነበር። እኔም አብሬያቸው ጨረስኩ።

«የቱ ይሻላል ጋሼ?» አልኩ።

ፊታቸውን መለሱ። «የመጀመሪያው ጥሩ ጀመረ። ሁለተኛው ጨረሰ።»

«ድምፁ ግን ቀጭን ነው እኮ።»

«ይወፍራል። ከንፈርህ ገና መንገድ ላይ ነው።»

የተላጠውን ይዤ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ረጃጅም ድምፆች እነፋ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ታገሡኝ። መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ድምፁ ወፍሮ ታች ወረደ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ለስለስ ያለ፣ ሰው የሚያወራ የሚመስል ሆነ።

ከዝናቡ ወራት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ሠርግ ነበር። ሙሽራው አኙዋ፣ ሙሽሪት ደግሞ እንደ እኔ የሰፋሪ ልጅ ናት። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። የመጨረሻውን ቁጥር ስንጨርስ ሕዝቡ አላቆመም፣ ዝማሬውን ቀጠለ። ጋሼ ወደ እኔ አዩ፤ ዓይናቸው ትችላለህ ወይ የሚል ይመስላል። አየር ስቤ ቀድሜያቸው ጀመርኩ።