አገርነሽ የምታውቀው

ሥርጉት በደራ በኩል ጣና ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሰኞ ጧት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ካለው ቤቷ በሚኒባስ ትወጣለች፤ ዓርብ ትመለሳለች። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የምግብ ዓይነቶች በየምድባቸው የተሳሉበት ትልቅ ወረቀት ለጥፋ፣ እናቶችን ከሥሩ አስቀምጣ፣ ለሕፃን ምን ምን ተቀላቅሎ እንደሚሰጥ ታስተምራለች።

ከእናቶቹ ሁሉ ትምህርቱ ፈጥኖ የገባት አገርነሽ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ባሏ ክንዱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያኔ ዜማ የምትባል የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረቻቸው። ሥርጉት ገንፎ በእንቁላልና በካሮት ሠርታ ያሳየች ቀን ማማሰያውን ተቀብላ የጨረሰችው እሷ ናት። የወረዳ እንግዳ ሲመጣም የምትነሣው እሷው ነበረች፤ እህሉን፣ ጥራጥሬውን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ወተቱን፣ ዓሣና እንቁላሉን በቃሏ ስትደረድር እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። አንድ ዓመት «ሞዴል እናት» የሚል ወረቀት ሰጥተዋታል።

የዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሥርጉት የሕፃናቱን ክንድ በባለቀለሙ መለኪያ ስትለካ የዜማ ክንድ የምግብ እጥረት መጀመሩን የሚያሳየው ቢጫው ላይ አረፈ። ደነገጠች፤ ከዚያ ተናደደች። ሌሎቹ እናቶች እየሰሙ፣ «ያልተማረች ብታደርገው ምንም አይደል፤ አንቺ እያወቅሽ እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አለቻት። አገርነሽ አንገቷን ደፍታ ልጇን አዝላ ወጣች። በማግሥቱም በሳምንቱም አልመጣችም።

ሥርጉት ስትቆጭ ሰነበተችና ቤቷ ድረስ ሄደች። አገርነሽ ቂም የያዘች አትመስልም፤ ቁርበት አንጥፋ አስቀመጠቻት። ጥግ ላይ በገለባ መሐል የተደረደሩ ዘጠኝ እንቁላሎች ነበሩ። ሥርጉት ዓይኗን ስትጥልባቸው አይታ፣ ለአንበሳሜ ገበያ እንደሆኑ ነገረቻት፤ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና የሚገቡት በእነሱ ነው። ባሏ ክንዱ የሚያወጣው ዓሣም እንዲሁ ነው። አንድ ነጋዴ ጀልባው ዳር ቆሞ ይጠብቅና ባሕር ዳር ላሉት ሆቴሎች ይጭነዋል። መረቡንም የሰጠው ነጋዴው ስለሆነ ለቤት አንድ ላስቀር ቢል ክንዱ በማግሥቱ መረብ የለውም። ለዜማ የሚቀርላት ያው እንጀራና ሽሮ ነው። በጾም ደግሞ ያለቻቸው አንዲት ድስት ስለሆነች እንቁላል ቢገኝም አይቀቀልባትም።

ሥርጉት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አገርነሽ አቋረጠቻት።

«እህቴ፣ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። ድሮ ልጄ ስትከሳ ቡዳ በላት እል ነበር፤ ጠበል እወስዳታለሁ፣ ልቤም ያርፋል። አሁን ግን ምን እንደሚያከሳት አውቃለሁ። ዓሣው በደጄ ሲያልፍ እያየሁ ሽሮ አጎርሳታለሁ። ባታስተምሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ይህን የተናገረችው ድምፅዋን ሳታነሣ፣ የልጇን ፀጉር እየደባበሰች ነው።

ሥርጉት በሳምንቱ ከባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ድስት ገዝታ ለልጅቷ ብቻ ትሁን ብላ ሰጠቻት። የነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ዮሐንስንም አነጋገረች። እሳቸው ሕፃን ጾም እንደሌለበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ደግመው ተናገሩ። የአገርነሽን ባል ክንዱንም ሐይቁ ዳር ጠብቃ ለልጁ አንዳንድ ዓሣ እንዲያስቀር ለመነችው። ክፉ ሰው አልነበረም። «የኔ ቢሆን እኮ አልነፍጋትም» አላት፤ ወዲያው መረቡን መጠቅለል ቀጠለ።

ሐምሌ ላይ የዜማ ክንድ ቀዩ ላይ ደረሰ። ጤና ጣቢያ ተላከችና በከረጢት የሚመጣውን አልሚ ምግብ ጀመረች፤ በሁለት ወር ጉንጯ ሞላ፣ መሳቅም ጀመረች። ዳነች ተብሎ ከመዝገብ ወጣች፤ ከረጢቱም ቀረ። ለገና ክንዷ ቢጫው ላይ ተመልሶ ነበር። ትንሿ ድስት ንጹሕ ሆና መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚገባባት አልተገኘም።

ሥርጉት ዓርብ ዓርብ ቤቷ ስትገባ ባሏን ጌትነትን የምታገኘው የፋብሪካ ልብሱን ሳያወልቅ ፓስታ በዳቦ ሲበላ ነው። ስኳር አለበት። ሐኪሙ አትክልት አብዛ፣ ነጭ ዳቦ ተው ብሎታል፤ ምክሩን እንደ አገርነሽ በቃሉ ይዞታል። የሚጠግበው ግን በዚያው ነው፤ ጎመኑና ዓሣው ከደመወዙ ጋር አይገናኙም። ድሮ ትቆጣው ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ አብራው ቁጭ ብላ ትበላለች።

ዜማ አልሞተችም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን የአራት ዓመት ልጅ ነው የምትመስለው። መምህሩ የዛሬውን ለነገ እንደማትይዝ ለእናቷ ነገራት። አገርነሽ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የልጅነት ምግብ ለአእምሮ ምን እንደሆነ እሷም ተምራ ነበር።

ዘንድሮ ስለ አመጋገብ የሕዝቡን ግንዛቤ የሚያጠኑ ወጣቶች ቀበሌው ገቡ። አገርነሽ ደጃፏ ተቀምጣ የጠየቋትን ሁሉ አንድም ሳትስት መለሰች። ምን እንዳበላች የሚጠይቅ ነገር ወረቀታቸው ላይ አልነበረም። ሲወጡ አንዱ ወጣት ለሥርጉት በሥራዋ መደሰቱን ነገራት፤ የዚህ ቀበሌ እናቶች ዕውቀት ከከተማዎቹ እንደማያንስ አወራላት። ሥርጉት አመሰገነችው።

በሳምንቱ አዲስ ወላዶች ተሰብስበው ስታስተምር የመጀመሪያ ልጇን ያቀፈች ሲና የምትባል ልጅ እግር እናት እጇን አወጣች።

«ወተትም እንቁላልም ለሌለውስ?»

ሥርጉት ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ዞረች፤ የምግቡን ትታ ስለ እጅ መታጠብ ማስተማር ጀመረች።