አሳ ቤት የተጸለየልኝ ጸሎት

ዛሬ አሳ ልበላ ሄጄ እጅ ተጭኖ ተጸለየልኝ።

ለቡ፣ ወንዙ ዳር ያለው አሳ ቤት ነው። ግቢው ጢም ብሏል። ብቻዬን ጠረጴዛ ይዤ ጥብሴን ስጠብቅ አባት፣ እናትና ሴት ልጃቸው መጡ።

እናትየው "ቀድመኸን መጣህ የኔ ልጅ?" ብለው ሳሙኝ። ቦታ አጥተው መስሎኝ "አዎ፣ ቁጭ በሉ" አልኩ።

አሳው ሲመጣ እሾሁን ለቅመው፣ ዳጣ አጥቅሰው አጎረሱኝ። (ጉርሻ እምቢ አይባልም!) አባትየው ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ቸርች የት እንደምሄድም ጠየቁኝ። ጨዋታ ነው ብዬ መለስኩ።

ከዚያ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው "ጌታ ሆይ፣ ይሄን ትዳር ባርክ!"

የቱን ትዳር?

ይሄኔ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አበባ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። "ይቅርታ አባባ፣ መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው። የልጅዎ እጮኛ እኔ ነኝ።"

የእናትየው ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

እሺ፣ ወላጆቿ አይተውት አያውቁም። እሷ ግን እጮኛዋን ታውቀዋለች አይደል? ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ለምን ዝም ብላ ሎሚ ታቀብለኝ ነበር?

ቤት ገብቼም አልገባኝም። እንዲህ የገጠመው ካለ እስቲ ያስረዳኝ።

ደንግጬ ልነሳ ስል "አሳህን ጨርስ እንጂ" ያለችኝ እኮ እሷ ናት።