በልጄ ደብተር ላይ ያስጻፍሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት፣ ጽሕፈቴም እንደ ነገሩ ነው። በአፌ ልናገረው ብል ግን አንደበቴ ይያዛል።

ፍርሃት የገባኝ ልጄ ውዴ የቤት ሥራዋን ስታነብልኝ ነው። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እንግሊዝኛ ትወድ ነበር፤ የተማረችውን ቃል ሁሉ ቤት ይዛው ትመጣና ቀኑን ሙሉ ትለዋለች። የዚያን ቀኑ «ካት ዳውን» ነበር። ዛፍን ከሥሩ ቆርጦ መጣል ማለት ነው አለችኝ። መምህሩ በሰፈራችሁ ከሆነው ነገር አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብሏቸዋል። አያቴ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፣ ጎረቤታችን ወይራ ቆረጠ እያለች አራቱን አነበበች። አምስተኛውንም በእንግሊዝኛ አነበበችና ፈታችልኝ።

«እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ቆረጠች።»

እሳቱን እፍ እያልሁ ነበር፤ ተውሁትና ቀና አልሁ።

እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቴ ምሰሶ በስብሶ ጣሪያው ልጄ ላይ ሊወርድ ደርሶ ነበር። አገሩ ማዶ ደብር ለቀብር በሄደበት ቀን፣ አመመኝ ብዬ ቀረሁና በጉና ተራራ ጉም ውስጥ መጥረቢያ ይዤ ደብሩ ቅጥር ገባሁ። ውዴ ጫፉን ይዛ አገዘችኝ። ልጬ ምሰሶ አድርጌ አቆምሁት፤ እንዳይለይም ጭቃ መረግሁበት። እኛ ዘንድ የደብር ዛፍ መቁረጥ ቤተ መቅደስ እንደ መድፈር ነው። ቄሱ የቆረጠውን በግዝት አስረዋል፤ እሑድም ያየ የሰማ እንዲናገር አገሩ አውጫጭኝ ሊቀመጥ ነው። ልጄ ደግሞ ይህን ክፍል ውስጥ ቆማ ልታነበው!

«ሰርዢው» አልኋት።

«አምስት ነው ያለን፣ እማየ። አራት ከሆነ ይገርፈኛል።»

«እንግዲያው አባ ታፈረ ቆረጠ ብለሽ ጻፊ።»

አባ ታፈረ የደብሩ ጠባቂ ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው።

«ውሸት አይደለም ወይ?»

«እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ይሰማዋል?»

እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁ። ስማቸው ለምን ምላሴ ላይ መጣ? የሚሟገትላቸው ስለሌለ አይደለም? አውቄ ነው። እያወቅሁ ነው ያስጻፍኋት።

ልጄ አነበበች። ልጆቹ ሰሙ፤ ለየእናት አባታቸውም ፈቱላቸው። እሑድ አውጫጭኙ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ሕፃናቱ የሚያውቁትን እኛ ምን ቁጭ ብለን እንፈልጋለን?» አለ። ሰው ሳቀ። አባ ታፈረ ዱላቸውን ተደግፈው «ልጆቼ፣ መጥረቢያ የማነሣበት ጉልበት ከወዴት አለኝ?» አሉ።

«ሸጠኸው ነዋ!»

በስተርጅናቸው አንቱ መባሉ ቀርቶ አንተ ተባሉ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና አለፈ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁት።

ከጥበቃው ተባረሩ። አጎዛቸውን ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያየኋቸው የመጨረሻዬ ሆነ። በዓመቱ በሌላ ደብር ደጃፍ አረፉ ሲባል ሰማሁ። ይቅር በሉኝ የምላቸው የሉም።

ውዴም ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣትም። ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ምን እንደሆነች አጥቼው ነው?

እኔ ግን ሰው ቤቴ ገብቶ ቀና ባለ ቁጥር ምሰሶውን ያየብኝ እየመሰለኝ መቀመጥ አቃተኝ። ልጄን ይዤ ደብረ ታቦር ገባሁ። የተከራየሁት ቤት ብሎኬት ነው፤ ምሰሶ የለውም። የሚያውቀኝ የለም፣ የሚጠይቀኝም የለም። ድሃ ነበርሁ፣ ፈርቼ ነው አልልም፤ እርሳቸውም ድሃ ነበሩ። የፈራሁት አልደረሰብኝም። በአባ ታፈረ ስም ተከልዬ፣ ይኸው ዳንሁ።