በነሐሴ የታዩት ኮርማዎች

ወረታ ውስጥ የኮርማዎቹ ነገር ሲነሳ ሽያጩን ያስቀሩት ቄሱ ናቸው ይባላል። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ላይ የምለው ክፉ ነገር የለኝም። ነገር ግን ያን ቀን የተናገሩት አንዲት አጭር ቃል ናት፤ እሷንም የተናገሩት እኔ ተናግሬ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን እኔ አውቀዋለሁ፤ የምክር ቤታችን አፈ ጉባኤም ያውቀዋል። እሱ አይጽፈውም። ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ።

የኮርማ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። የመንግሥት ነው። የአገራችን ዘር ኮርማዎች እዚያ ይቀለባሉ፤ ላም ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው ጎትቶ ይወስዳታል፣ አስጠቅቶ ይመልሳታል። ለከተማ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ግጦሹ ሁሉ ታርሷል። ድሮ በየደጁ ኮርማ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ኮርማ የሚያቆም ሣር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከብቱም ከየትም ከመጣ ወይፈን እየተደባለቀ፣ ያ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንደ አጭር፣ እግሩ ጭቃ የለመደው የፎገራ ከብት እየጠፋ ነው። ጣቢያው ተሸጠ ማለት ዘሩ አለቀ ማለት ነው።

የእኔም ላም እናቷም አያቷም ከዚያ ጣቢያ ኮርማ የተወለዱ ናቸው። ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ በመሬቱ ተሟግተውኛል። ላሟን ግን የነካት አልነበረም፤ ልጆቼን በወተቷ አሳደግሁ። ስለ ቤቴ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አፈ ጉባኤው ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረ። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። ፊት ለፊት ስንገናኝ እኔም እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። የጎልማሶች ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ተመዝግቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ክፍላችን ገባና ደብተሬን አገላብጦ፣ «አንቺ ስምሽን ከፈረምሽ ይበቃሻል። ወንበሩን ለወጣት ልቀቂ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

እሱ ያላወቀው ነገር ነበረ። አባቴ የኔታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ደጃችን ላይ ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኔ ከጀርባቸው ተቀምጬ ጤፍ እያበጠርሁ ከእነሱ ቀድሜ ዳዊት ደርሻለሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድሁት ሒሳብ ልማር ብዬ ነበር። ይህን አልነገርሁትም። ለምን እነግረዋለሁ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንበብ መቻሌን ለማንም ማሳየት ተውሁ። የሚያዋርድህ ሰው ያለህን ሁሉ ባያውቅ ይሻላል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ለምክር ቤቱ ሴት አባል ሲፈለግ ስሜን ካቀረቡት አንዱ እሱ ነበረ። «ዝምተኛ ናቸው፤ አያስቸግሩም» ማለቱን ሰማሁ። እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላስቸገርሁም። እጅ አውጡ ሲሉ አወጣሁ፣ አውርዱ ሲሉ አወረድሁ።

ከዚያ ጣቢያው ይሸጥ የሚል ሐሳብ መጣ። ገዢው ከትልቅ ከተማ የመጣ ባለሀብት ነው ተባለ፤ ወጣቱ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ በሚሮጥ ፈረስ የሚወራረድባቸው ቤቶች ያሉት። ለእንዲህ ያለ ሰው ኮርማ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የፈለገው ቦታውን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የመንግሥት ንብረት ሲሸጥ ግን ደንብ አለው። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ቦታው ድረስ ሄዶ በዓይኑ ያያል፣ ያየውን ጽፎ ያቀርባል፤ ጉባኤው ያን ሰምቶ ድምፅ ይሰጣል። ኮሚቴው ውስጥ እኔም ቄሱም ነበርን። ሰብሳቢያችን ወረታ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ በነሐሴ አጋማሽ ተጠራን። ዝናቡ የምክር ቤቱን ቢሮ ጣሪያ ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም ነበር። ሻይና ዳቦ ቀረበ። አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ስምና ፊርማ ይጠይቃል።

«ይኼ ደግሞ ለምን ነው?» አልሁት ሰብሳቢውን።

«የመጣ ሰው ይፈርማል፣ እናቴ። ለሻዩ ነው።»

ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበረ። ዓይኔ አርፎበታል፤ አላነበብሁትም። ማንበብ እንደማልችል መስዬ ስለኖርሁ፣ ሰው ፊት ወረቀት አተኩሮ ማየት ትቼ ነበር። ፈረምሁ። ቄሱም ፈረሙ። መኪና ይመጣል ተባልን። ቆይቶ መንገዱን ውኃ ይዞታል፣ ሌላ ቀን ትጠራላችሁ ተባልን። ነጠላችንን ተከናንበን ወደየቤታችን ሄድን። ሌላ ቀን የጠራን የለም።

ጉባኤው የተሰበሰበው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰብሳቢው አዲስ ኮት ለብሶ ወጣና ሪፖርቱን አነበበ። ኮሚቴው በነሐሴ ወር በቦታው ተገኝቶ ኮርማዎቹን በበረታቸው ውስጥ ተዘዋውሮ አይቷል፤ ኮርማዎቹ አርጅተዋል፣ ከስተዋል፤ ጣቢያው ለሕዝቡ የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ ለባለሀብት ቢተላለፍ ይሻላል አለ። በመጨረሻም «የኮሚቴው አባላት ፊርማ ተያይዟል» ብሎ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። የዳቦው ዘይት ከነካው ጠርዙ አወቅሁት።

ሜዳውን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ይወጣሉ፤ ጣናም ከዳርቻው አልፎ ይመጣል። ሐምሌ ሳይጋመስ ከብቱ ሁሉ ወደ ዳገቱ ይነዳል፣ ዘመድ ዘንድ ይከርማል፣ ለመስቀል ይወርዳል። የጣቢያው ኮርማዎችም እንደዚሁ ናቸው። በነሐሴ እዚያ በረት ውስጥ የሚገኝ እንስሳ ቢኖር ዓሣ ነው። ሰብሳቢው የወረታ ልጅ ነው፤ ግን ያደገው ከአስፋልቱ ዳር ነው። ቢሮ ተቀምጦ ሲጽፍ የተጠራንበትን ወር እንዳለ ጻፈው፤ ወሩ ያጋልጠኛል ብሎ አልጠረጠረም።

አዳራሹ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሜዳው ሰው ነው። ዞሬ አየኋቸው። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። አልፈርድባቸውም ብል ውሸት ነው፤ ፈርጄባቸዋለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ፊርማው ያለው የእነሱ አይደለም፤ የእኔ ነው። ብናገር ያላየሁትን አየሁ ብዬ የፈረምሁ ሴት ነኝ፤ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ዝም ብል ኮርማዎቹ በእኔ ፊርማ ይሸጣሉ፤ ላሟን እየጎተተ መጥቶ በሩ ተዘግቶ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ስሜን ያነሳል።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ አፈ ጉባኤው።

ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። ፈገግ ብሎ በጣቱ ጠቆመኝና «አንድ» አለ።

«ድምፅ አይደለም፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ አልፏል፣ እናቴ። ድምፅ ላይ ነን።»

«እንግዲያው እኔን ከቁጥሩ ያውጡኝ። ጥያቄዬ ለሰብሳቢው ነው። ኮርማዎቹን ሲያዩዋቸው በረት ውስጥ ነበሩ?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጠ። «ተነቧል እኮ። በበረታቸው ውስጥ ነበሩ።»

«በነሐሴ?»

«በነሐሴ።»

«ምን ላይ ቆመው?»

አልገባውም። «በእግራቸው ነዋ፤ በምን ይቆማሉ?» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ ነው። «ዋና ተምረው ይሆናላ» አለ አንዱ የሜዳ ሰው። ከጎኑ ያለው ደግሞ፣ «እንዴ፣ ሰብሳቢያችን በታንኳ ሄደው ነው ያዩዋቸው። አትታዘቧቸው» አለ። ሳቁ ከወንበር ወንበር እየዘለለ ፊት ድረስ መጣ። ሰብሳቢው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያል፤ ምን እንዳጠፋ እንኳ አላወቀም ነበር።

አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን መታ። እሱ ገብቶታል። ወረቀቱን ከሰብሳቢው እጅ ወስዶ ወደ እኔ አዞረው።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ፈርመው ሲያበቁ ምን እያሉን ነው?» ቀጥሎ ድምፁን አለዘበ። ልስልስ ሲል ነው የምፈራው። «ግድ የለም፣ እናቴ። ማንበብ ለማይችል ሰው አስቀድሞ ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነበር። ሳይረዱት ነው የፈረሙት እንበልና ፊርማዎን እናውጣው፤ በሌሎቹ ፊርማ ይጸድቃል።»

የማምለጫ በር ከፈተልኝ። አላውቅም ነበር ብል ነፃ እወጣለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝም። ክፍሉ በሳቀብኝ ቀን ያስወጣኝ በዚሁ በር ነበር።

«ወረቀቱን ይስጡኝ» አልሁ።

ሄጄ ከእጁ ተቀበልሁት። መነጽር አልነበረኝም፤ ራቅ አድርጌ ያዝሁትና ከፊርማዎቹ በላይ ያለውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ኮርማ ጣቢያውን በአካል ተገኝተው የጎበኙ የኮሚቴ አባላት ስምና ፊርማ» ይላል። ሳነበው ሳቁ ሁሉ ቆመ። አፈ ጉባኤው እኔን ሳይሆን አፌን ነበር የሚያየው።

«ማንበብ እችላለሁ» አልሁ። «እየቻልሁ አላነበብሁትም። የፈረምሁት ሻይ እየጠጣሁ ነው፤ ጣቢያውን በእግሬ አልረገጥሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የምጠየቅበት ካለ እጠየቃለሁ። ጥፋቴን ግን ኮርማ ሽጡበት ብዬ ለማንም አልሰጠሁም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተመለስሁና ተቀመጥሁ።

ቄሱ የተነሱት ያኔ ነው። መስቀላቸውን እንደያዙ፣ «የእኔም ፊርማ እንዲሁ ነው። ይደር» አሉ። ከዚያ በኋላ ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት ሁሉ «ይደር፣ ይደር» እያሉ ተነሱ። ከተማው የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

አደረ። በኅዳር፣ ሜዳው ጠፍፎ ሩዙ ሲታጨድ፣ በእውነት ሄድን። ኮርማዎቹ የዳገት ሣር በልተው ተመልሰዋል፤ ጀርባቸው ላይ ውኃ ቢፈስ የሚቆም ይመስላል። የጣቢያው ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ አሳየን። ሰብሳቢው አጥሩ ሥር ቆሞ ቀረ።

«ይግቡ እንጂ» አልሁት። «በነሐሴ አይተዋቸው የለም? ያውቁዎታል።»

ዘበኛው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሰብሳቢው ገባ፤ በሚያብረቀርቅ ጫማው። እኔም ከኋላው ገባሁ፤ ሪፖርቱ እስኪጻፍም ከአጠገቡ አልጠፋሁም። መስመር በመስመር አንብቤ ፈረምሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ሽያጩ ወደቀ።

የመጀመሪያው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ሲወጣ ጠይቄ አየሁት። «ከአባላት በቀረበ አስተያየት መሠረት እንዲዘገይ ተወስኗል» ይላል። ነሐሴ የሚል የለበትም፤ ሻይ የሚል የለበትም፤ እኔ የለሁበትም። አፈ ጉባኤውን ኮሪደር ላይ አቆምሁት።

«ያልሁት አልተጻፈም» አልሁት።

«ዋናው ነገሩ መቅረቱ ነው፣ እናቴ። ስም ምን ያደርግልዎታል?»

«ፊርማዬን ስትፈልጉት ጊዜ ስሜ ይጠቅም ነበር» አልሁት። በቀጣዩ ምርጫ ስሜን ያቀረበ የለም። እንደማይቀርብ አውቅ ነበር።

ያን ቀን ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ገበያ ላይ ሲያዩኝ «ሻይ ፈራሚዋ» ይሉኛል። በጀርባዬ ነው የሚሉት፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ጥፋቴን በአደባባይ የተናገርሁ እኔ ብቻ ስለሆንሁ፣ ጥፋት ያለባት እኔ ብቻ መሰልኋቸው። ይበሉ። ላሞቻቸውን የሚያስጠቁት እዚያው ጣቢያ ነው።

እኔም በቅርቡ ጊደሬን ይዤ ሄጄ ነበር። የዚያች ላም የልጅ ልጅ ናት። ኮርማው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ዘበኛው መዝገቡን አመጣልኝና ጣቱን ፊርማው ቦታ ላይ አኖረ። ጣቱን ወደ ጎን ገፋሁና ከገጹ አናት ጀመርሁ። ከኋላዬ ላሙን የያዘ ሰው ነበረ፤ ከ«ሻይ ፈራሚዋ» ባዮች አንዱ ነው።

«እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፤ ይኼ የቀንና የላም ቀለም ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት?»

«ካለበት አየዋለሁ» አልሁት።

ጊደሯ ገመዱን ትጎትታለች፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ገጹን እስከ ታች አነበብሁት። የጊደሬን ቀለም ጥቁር ብቻ ብለው ጽፈውት ኖሯል። ዘበኛውን ነጩን አስጨመርሁትና ፈረምሁ።